ፍሪጅ ላይ ያስቀመጥነው የረግረግ ውሃ

አማቴ፣ የባለቤቴ እናት፣ ሦስት ቀን ሙሉ የረግረግ ውሃ የጠጡት በእኔ ጥፋት ነው። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ አንዱ ኩላሊታቸው ከደከመ ቆይቷል። እኔ ደግሞ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ በነርስ ረዳትነት የምሠራ ሰው ነኝ። ስለ ንጽሕና ለሌላው የምሰብከው እኔው ነኝ። ወሬው የደረሳቸው ጓደኞቼ እንደ ቀልድ እንዳወራላቸው ይፈልጋሉ። እኔ ግን ያን ረቡዕ እስከ ዛሬ እንደ ቀልድ ማውራት አልቻልኩም።

ልጆቻችንን ከትምህርት ቤት ያወጣናቸው ባለፈው መኸር ነው። ሁለቱም ሴቶች ናቸው፤ ትልቋ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ትንሿ ስድስት። ትልቋ በየጠዋቱ ሆዴን ቁርጠት ያዘኝ ትል ነበር። ሐኪሙ ምንም የለባትም አለ። እኔም አየሁ፣ ትምህርት በሌለበት ቀን ሆዷ ደህና ነው። ባለቤቴ የጭነት መኪና ሾፌር ስለሆነ በሳምንት ሁለት ቀን ቤት ቢገኝ ትልቅ ነገር ነው። እኔ ዓርብና ቅዳሜ ረጅም ሺፍት እሠራለሁ። ተመካከርንና ለትምህርት ዲስትሪክቱ አሳውቀን እኔው ቤት ላስተምራቸው ጀመርኩ።

አሠራራችን ቀላል ነው። አንድ ርዕስ እንይዝና አምስት ስድስት ሳምንት እሱ ላይ እንቆያለን፤ ንባቡም፣ ሒሳቡም፣ ሥዕሉም፣ ሳይንሱም በዚያው በር ይገባል። ደወል የለንም። ሰኞ ከደከመን ማክሰኞ እናካክሳለን። በእኔ ሥራ ምክንያት ደግሞ ሳምንታችን የሚጀምረው እሁድ ከቸርች መልስ ነው። እኔ በዚህ ነፃነት ኮርቼ ነበር፤ ኩራቴ አማቴ እስኪመጡ ቆየ።

አማቴ መጋቢት ላይ ከአገር ቤት፣ ከፎገራ መጡ። ልጆቹ ከቁርስ በኋላ ቤት ሲውሉ አይተው ለልጃቸው "ትምህርት ቤት ጠፍቶ ነው?" አሉት፣ እኔ አጠገባቸው ቆሜ እየሰማሁ። እሳቸው ልጆቻቸውን ያስተማሩት ሁለት ሰዓት በእግር እያስኬዱ ነው። ቢጫው የተማሪ አውቶቡስ ደጃችን ድረስ እየመጣ፣ ልጅ ይዞ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ መቀመጥ ለእሳቸው ስንፍና ነው። ሌላው ቅሬታቸው ደግሞ የቆየ ነው። እሳቸው ኦርቶዶክስ ናቸው፣ እኔ ጴንጤ ነኝ። ሠርጋችን ላይ አልተገኙም። ከዚያ ወዲህ በስልክ የተባባልነው ሁሉ ቢሰበሰብ ከሰላምታ አያልፍም። ቤቴ ከመጡም በኋላ ክፉ አልተናገሩኝም፤ ግን ልጄ ብለውኝ አያውቁም።

እኔም ብሆን መልአክ አልነበርኩም። እሁድ እሁድ ልጆቹን ይዤ ወደ ቸርቼ ስከንፍ እሳቸውን ወደ ቤተ ክርስቲያናቸው የሚያደርስ ሰው አልነበረም። ባለቤቴ አብዛኛውን እሁድ መንገድ ላይ ነው። እኔ ደግሞ ሰዓቱ አይመቸኝም እል ነበር፤ እውነቱን ለመናገር አስቤበትም አላውቅም። ከአገር ይዘውት የመጡት ጠበል ሚያዝያ ላይ አለቀ። እራት ላይ ለባለቤቴ ደጋግመው አነሱበት፣ እሱም እሺ እሺ እያለ ረሳው። እኔ አንድም ቀን አፌን አልከፈትኩም።

ግንቦት ላይ ልጆቹ ረግረግን መረጡ። ወደ ፒከሪንግተን ስንሄድ በረግረግ ላይ የተዘረጋ የእንጨት መተላለፊያ ያለው ፓርክ አይተው ነው። እሁድ ከቸርች መልስ ሄድን፣ እንቁራሪት ሰማን፣ ገና እግር ያላወጡ የእንቁራሪት ልጆች አየን። የፓርኩን ሠራተኛ አስፈቅደን በሁለት ባልዲ ከነጭቃው ውሃ ቀዳን። ያን እሁድ ባለቤቴ ዕረፍት ስለነበረው እናቱን ሲንሲናቲ ዘመድ ጥየቃ ወስዷቸዋል። ቤቱ ለእኛ ቀረ።

ሙከራው እንዲህ ነበር። በመጋገሪያ ትሪ ላይ ጠጠር፣ አሸዋ፣ ስፖንጅና ከጓሮ ድንጋይ ላይ የላጥነውን አረንጓዴ ሽበት አንጥፈን ትንሽ ረግረግ ሠራን። ጭቃውን ውሃ በአንድ ጫፍ እናፈሳለን፣ በሌላው ጫፍ የሚንጠባጠበውን እንቀበላለን፣ መልሰን እናፈሳለን። ከሰባት ከስምንት ዙር በኋላ የወጣው ውሃ ኩልል ያለ ሆነ። እኔ ራሴ ደነቀኝ። ረግረግ የምድር ኩላሊት ነው የሚባለው ለዚህ ነው አልኳቸው። አስከትዬም፣ ዐይን የሚያየው ጭቃ ሄደ እንጂ ዐይን የማያየው ተሕዋስ አልሄደም፣ ይሄ አይጠጣም ብዬ አስጠነቀቅኩ። ትልቋ በወረቀት ላይ አይጠጣም ብላ ጻፈች፣ ዙሪያውን በአበባ አስጌጠች፣ የጠራውን ውሃ ያጠራቀምንበት የመስታወት ጃር ላይ ለጠፈችው። የጻፈችው በእንግሊዝኛ ነው። ልጆቼ የሚያነቡት እሱን ብቻ ስለሆነ ሌላ ቋንቋ በሐሳቤም አልመጣ።

ትንሿ እንዳትደፋው የጠራውን ውሃ ፍሪጅ ላይ ሰቀልኩት። አቧራ እንዳይገባበት ነጭ ስስ ጨርቅ አለበስኩት። ጭቃ የሆነውን ሌላውን ጃር መስኮቱ ሥር ተውነው። የየቀኑን ትነት ለመለካት ትልቋ ሁለቱም ላይ በማርከር መስመር አሰመረች። አሁን ሳስበው፣ ከፍ ካለ ቦታ ላይ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ የተቀመጠ የጠራ ውሃ ለማንኛውም የፎገራ ሴት ምን እንደሆነ ለማወቅ ኦርቶዶክስ መሆን አያስፈልግም። እኔም በልጅነቴ ከእንዲህ ዓይነት ቤት ነው የወጣሁት።

አማቴ እሁድ ማታ ከሲንሲናቲ ተመለሱ፤ ሰኞ ጠዋት ከክፍላቸው ወጥተው ፊት ለፊቴ ቆሙና "እግዜር ይስጥሽ ልጄ" አሉኝ። ልጄ። ለሻዩ መሰለኝ። ምንም አይደል እማዬ አልኩና ዞር ብዬ ዐይኔን ጠረግኩ።

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሌላ ሰው ሆኑ። ትምህርታችን ላይ ወንበር ስበው ተቀመጡ። የረግረግ ቅጠል ሥዕል ሳሳይ "ይሄማ ፊላ ነው" ብለው ከእጄ ወሰዱት። ፊላ እንዴት እንደሚታጨድ፣ ደንገል እንዴት ታስሮ ታንኳ እንደሚሆን፣ የበዓል ቄጤማ ከየት እንደሚመጣ፣ ከብት ረግረግ ውስጥ ሲሰምጥ በምን እንደሚጎተት ነገሯቸው። ልጆቹ አፋቸውን ከፍተው ሰሙ፤ ያልገባቸውን እኔ ተረጎምኩ። ማክሰኞ ደግሞ ከደረቀ ቅጠል ታንኳ አሠሯቸው። እኔ ከኢንተርኔት እያተምኩ ሳምንት የደከምኩበትን እሳቸው በግማሽ ቀን አስናቁኝ። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ባለቤቴን ኮል አድርጌ እናትህ ወደዱኝ አልኩት፣ እንደ ልጅ።

ማክሰኞ ማታ ትልቋ ደብተሯን ይዛ መጣች። የጠራው ውሃ በቀን አንድ ጣት እየቀነሰ ነው። ፍሪጁ ላይ ሙቀት ስላለ ነው፣ ትነት ማለት ይሄ ነው አልኳት። በራሴ እርግጠኛ ነበርኩ። ግራፍ አሠራኋት፣ ኮከብም ሰጠኋት።

ረቡዕ ጠዋት እንደገና አንድ ጣት ቀንሷል። የጭቃው ግን ከመስመሩ ንቅንቅ አላለም። ትልቋ ይሄ ለምን እንደሆነ ጠየቀችኝ፣ እኔም ቁርሷን እንድትበላ ተቆጣኋት። ያኔ ትንሿ ሲሪያሏን እያላመጠች፣ ቀና እንኳ ሳትል፣ "እማማ ድሪንክስ ኢት" አለች። "ኤቭሪ ሞርኒንግ።"

እማማ የሚሏቸው አያታቸውን ነው፤ በየጠዋቱ ይጠጡታል ማለቷ ነው። ማንኪያው ከእጄ ወደቀ። አንቺንስ ሰጥተውሻል ወይ አልኳት። አይ፣ ግንባሬን ብቻ ነው የሚያርሱኝ አለች። ጃሩን አውርጄ ጋራዥ ውስጥ ደበቅኩት። አማቴ ክፍላቸው ውስጥ ጸሎት ላይ ናቸው፤ ድምፃቸው በበሩ ሥር ይሰማል።

ጋራዡ ውስጥ ቆሜ መጀመሪያ ክሊኒኩ ጋ ደወልኩ። ነርሷ ትኩሳት፣ ማስመለስ፣ ተቅማጥ፣ የሽንት ማነስ አለ ወይ አለችኝ። አላውቅም አልኳት። ታዲያ ጠይቂያቸዋ አለች። ሳልነግራቸው እንዴት እጠይቃለሁ? ኩላሊት ያለበት ሰው ፈሳሽ ካጣ ምን እንደሚሆን በሥራዬ አይቻለሁ፤ በሁለት ቀን ውስጥ ከእግሩ የወደቀ ሰው አውቃለሁ። ከሰዓት በኋላ ይዘሻቸው ነይ ብላ ቀጠሮ ሰጠችኝ። ቀጥዬ ባለቤቴ ጋ ደወልኩ፤ ከጭነቱ ጋር ኢንዲያና ነበር። ሁሉንም ነገርኩት። ከዚያ "አትንገሪያት፣ የጠጣሽው ጠበል የጭቃ ውሃ ነው ስትያት ድንጋጤው ነው የሚገድላት" አለኝ። የወር ምርመራ ነው ብለሽ ውሰጃት አለ። እሺ አልኩ። እሺ ያልኩት ግን እሳቸው እንዳይደነግጡ ብዬ ብቻ አይደለም። ልጄ መባሌ ሦስተኛ ቀኑ ነበር፤ ልመልሰው አልፈለግኩም።

ወደ ቤት ስገባ አማቴ ነጠላቸውን ለብሰው፣ ቦርሳቸውን ይዘው ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ያን ቀን ከእኛ ጋር ፓርኩን ሊያዩ ቃል ገብተው ነበር። ልሰርዘው ምክንያት አጣሁ፤ ደግሞም ከዐይኔ ባይርቁ ይሻላል ብዬ ሄድን።

በመኪናው መስታወት ከመንገዱ ይልቅ የማየው እሳቸውን ነበር። ከንፈራቸው ደርቋል? ፊታቸው ገርጥቷል? ሁለት ጊዜ መስመሬን ስቼ ክላክስ ተደረገብኝ። ፓርኩ ደርሰን በእንጨቱ መንገድ ላይ መሄድ ስንጀምር እሳቸው ከፊት፣ ልጆቹ ግራና ቀኝ፣ እኔ ከኋላ ሆንኩ። ፊላውን በዱላቸው እየነኩ ያስተምራሉ። ክንፉ ላይ ቀይ ያለበት ጥቁር ወፍ እየጮኸ በላያችን ሲያልፍ፣ ጎጆው ቅርብ ነው፣ አትቅረቡኝ እያለ ነው አሏቸው። እኔ ከሚሉት ግማሹም አልገባኝም፤ እርምጃቸውን እየቆጠርኩ ነበር።

"ዛሬ ምን ሆነሻል?" አሉኝ ድንገት ዞር ብለው። "ዐይንሽ ከእኔ ላይ አልወረደም።"

ፀሐዩ እንዳይከብድዎ ብዬ ነው አልኩ።

መሐል ላይ ያለችው አግዳሚ ወንበር ጋ ስንደርስ ትንሽ ልረፍ አሉ። ግንባራቸው ላይ ላብ አየሁ። ተንበርክኬ የእጃቸውን ምት ያዝኩ፣ ልቤ ስለሚመታ የእሳቸውን ከእኔው መለየት አቃተኝ። ምን ይነካካሻል፣ ሽቅብ ስለመጣን ነው አሉና እጃቸውን ወሰዱ። ሽቅብ የሚባል ነገር የለም፤ መንገዱ ሜዳ ነው። ከዚያ ቦርሳቸውን ከፍተው ትንሽ የፕላስቲክ ጠርሙስ አወጡ።

"ጠበሌን ይዣለሁ። እሱን ቀመስ አድርጌ እነሳለሁ።"

ጠዋት እኔ ሳልነሳ ከጃሩ ቀድተው ኖሯል። ክዳኑን ከፈቱ፣ አማተቡ፣ ወደ አፋቸው አስጠጉ። እኔ ነጠቅኳቸው። ከአረጋዊት እጅ፣ ካማተበ ሰው እጅ፣ ጠበል ነጠቅኩ። ግማሹ ቀሚሳቸው ላይ ፈሰሰ። ባይኖኩላር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሁለት ሴቶች ቆመው አዩን።

አማቴ አልጮኹም። ፊታቸው ግን ሲዘጋ አየሁት። "ይሄን ያህል ትጠዪዋለሽ?" አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። "ታዲያ ለምን አመጣሽልኝ?"

ከዚያ በኋላ መዋሸት አልቻልኩም። ጠበል አይደለም እማዬ አልኩ። ከዚህ ነው የቀዳነው ብዬ በመተላለፊያው ሥር ያለውን አሳየኋቸው። ውሃው ላይ አረንጓዴ ነገር ሰፍሯል፣ አንድ የበሰበሰ ግንድ ተጋድሟል፣ ግንዱ ላይ ኤሊ ተኝቷል። ስለ ትሪው፣ ስለ ስፖንጁ፣ ስለ ጨርቁ እየተንተባተብኩ ነገርኳቸው። ክሊኒክ የደወልኩትን፣ ባለቤቴ አትንገሪ ያለኝን፣ የወር ምርመራ ነው ልላቸው የነበረውን ሁሉ ነገርኳቸው። ለእኔ በአማርኛ መልሳ የማታውቀው ትልቋ፣ ዐይኗ እንባ ሞልቶ፣ "እማማ፣ እኔ ነኝ የሠራሁት። ጭቃ ነበር" አለቻቸው።

አማቴ የእንጨቱን አጥር ይዘው ወደ ታች ውሃውን አዩ። ከዚያ ተነሡ። ክንዴን ዘረጋሁላቸው፣ አልያዙትም። የትንሿን እጅ ይዘው ወደ መኪናው ሄዱ። መኪና ውስጥ ቀበቷቸውን ሳስርላቸው "ውሰጂኝ" ብቻ አሉኝ።

ክሊኒኩ ውስጥ ልጆቹን ጥግ ላይ ከቀለማቸው ጋር አስቀመጥኳቸው። ነርሷ ወጣት ናት። የስልክ አስተርጓሚ ላምጣ ወይ ብላ ጠየቀች፤ ይሄን ስነግራቸው አማቴ "አንቺ ትበቂኛለሽ" አሉ። ምሕረት ይሁን ቅጣት አልለየሁም። ደምና ሽንት ተወሰደ። ደህና እንደሆኑ ያወቅነው ከሁለት ቀን በኋላ ነው፣ ያን ሰዓት ግን ማንም አላወቀም፤ እኔ በእያንዳንዱ ጥያቄ መልስ ላይ ትንፋሼን ይዤ እጠብቃለሁ። ትኩሳት የለም። ማስመለስ የለም። ሆዳቸው ማክሰኞ ትንሽ ጮኾ ነበር፣ ለእኔ አልነገሩኝም። የዛሬውም ላብ ድካም ሊሆን ይችላል፣ ሌላም ሊሆን ይችላል አለች ነርሷ።

ከዚያ ይሄን ውሃ ለምን ጠጡት ብላ ጠየቀች። ተረጎምኩ። አማቴ ነጠላቸውን አስተካከሉና እኔን ሳይሆን እሷን እያዩ ተናገሩ።

"እንዲህ በያት። ይቺ የልጄ ሚስት ናት። ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ስጸልይ የልጄን ስም እጠራለሁ፣ የልጆቹን እጠራለሁ፣ የእሷን እዘለዋለሁ። እሁድ ውሃውን ሳየው፣ የማታምንበትን ነገር ለእኔ ብላ አመጣች አልኩ። ሦስቱንም ቀን ስሟን እየጠራሁ ነው የጠጣሁት።"

ነርሷ ታየኛለች። የተቀደሰ ውሃ መስሏቸው ነው አልኳት በእንግሊዝኛ። ገባኝ ብላ ጻፈች።

"ያን ሁሉ ተናግሬ ይቺን ብቻ?" አሉ አማቴ። "ሁሉንም በያት።"

ሁሉንም ነገርኳት። ስለ ራሴ የልጃቸው ሚስት እያልኩ፣ ስሟን ይዘሉት ነበር እያልኩ፣ እንባዬ እየወረደ ነገርኳት። ነርሷ መጻፏን ትታ የሶፍት ካርቶኑን ወደ እኔ ገፋች። ትንሽ ጠበቀችኝና ዛሬ ምግብ ቀምሰው እንደሆነ ጠየቀች። እኔ ወደ አማቴ ዞሬ "ከእንግዲህስ ስሟን ይጠራሉ ወይ ትላለች" አልኩ።

አማቴ ነርሷን አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩ። ከፓርኩ ጀምሮ ዐይኔን ሲያዩኝ ያ የመጀመሪያው ነበር።

"እሷ እንዲህ አላለችም።"

"አላለችም" አልኩ።

እርጥቡን ቀሚሳቸውን ጉልበታቸው ላይ በእጃቸው ዳበስ አደረጉት። "ነገ ጠዋት ለጸሎት ስነሳ ከአፌ የሚወጣውን አያለሁ በያት" አሉ።

ነርሷ ጣቶቿን ኪቦርዱ ላይ አድርጋ ትጠብቀኛለች። ጠዋት ሻይ በቂጣ ቀምሰዋል አልኳት።